የዳገቱ ደብርና የዲፈረንሻሉ ጥርስ

ዘንድሮ በገባሁበት የእጅ ሥራ ትምህርት ቤት መምህራችን ዲፈረንሻልን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ከሳሉ በኋላ፣ "ይህን ጥርስ ምን ይሰብረዋል?" ብለው ጠየቁ። እጄን አወጣሁና "ዳገት ላይ ያለ ቤተ ክርስቲያን" አልኩ። ክፍሉ ሳቀ። መምህሩም ፈገግ ብለው "እስቲ ጻፈውና አምጣ" አሉኝ። ለማሳቅ ብዬ አልነበረም፤ የማውቀውን መልስ ነው የሰጠሁት። ስለዚህ እንደ ታዘዝኩት፣ ከራሴ ሳልጨምር፣ እንደ ነበረ ለመጻፍ እሞክራለሁ።

ነገሩ የሆነው በጣሊያን ጊዜ፣ ደብረ ማርቆስ ነው። ያን ጊዜም የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ከዚያ በፊት ደብረ ኤልያስ ቅኔ ስማር ቆይቼ፣ አገሩ ሲታወክ ጉባኤው ተበተነ። የኔታ ወደ ቆላ ወረዱ፤ ጓደኞቼም በየፊናቸው ሄዱ። እኔ ወደ ከተማ ወጣሁ። ከከተማው ግርጌ የጣሊያን ጦር መኪናዎቹን የሚያስጠግንበት ትልቅ የቆርቆሮ ቤት ነበር፤ እዚያ ገባሁ። የቤቱን ኃላፊ፣ አንዱን ጣሊያን፣ ሁላችንም "ካፖ" እንለው ነበር፤ አለቃ ማለት ነው። ማለዳ ማለዳ ጥቂቶቻችንን ሰብስቦ ያስተምረናል፤ ከዚያ እስኪመሽ እንሠራለን፤ የተጠገኑትንም መኪናዎች ግቢው ውስጥ እየነዳን እንሞክራቸዋለን። ጠመንጃ አልያዝኩም፤ ቢሆንም ገበያ ስወጣ ሴቶቹ ዘይት የጠጣ ሱሪዬን እያዩ መንገድ ይለቁልኝ ነበር። ለአክብሮት አልነበረም።

ካፖው ደግ ሰው ነበር ለማለት ይከብደኛል። ደክሞት ነበር ማለት ግን እችላለሁ። ከቆላ ይዞት የመጣው ወባ በየጊዜው እየተነሣበት፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ያስተምረን ነበር። አማርኛውም "እኔ"ን፣ "አንተ"ን፣ "እሷ"ን ሳይለይ ሁሉን "መጣ፣ ሄደ፣ ቆመ" የሚል ነበር። ቢሆንም የሚለው ይገባን ነበር።

ትምህርቱን እንደ ዜማ በጆሮዬ ነው የያዝኩት። የሞተሩ ኃይል በማርሽ ሳጥኑ፣ በካምቢዮው፣ አልፎ፣ ከመኪናዋ ሆድ ሥር በተዘረጋ ረጅም የብረት ዘንግ ወደ ኋላ ይሄዳል። ዘንጉ የሚተጣጠፍበት መገጣጠሚያ ክሮቼራ ይባላል። ከመጨረሻው፣ በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መካከል፣ ድቡልቡል ያለ የብረት ሆድ አለ፤ ዲፈረንሻል የሚባለው እሱ ነው። ውስጡ አንድ ትልቅ ክብ ጥርስና እሱን የሚነዳ ትንሽ ጥርስ ዘይት ውስጥ ተነክረው ይኖራሉ። መኪና ስትነሣ ብቻ "ቋ" የምትል ከሆነ ክሮቼራውን ጠርጥር። ሜዳ ላይ ስትሄድ የምታለቅስ ከሆነ ጥርሶቹ ተበልተዋል። እየቆጠረች የምትመታ ከሆነ፣ ማለት ጎማው በዞረ ቁጥር "ጓ፣ ጓ" የምትል ከሆነ፣ ከትልቁ ክብ ላይ ጥርስ ወልቋል። ይህን ሁሉ ሥራ እየሠራሁ በልቤ እደግመው ነበር።

ከመኪናዎቹ መካከል አንዲት ኋላዋ ክፍት የሆነ አሮጌ ትንሽ የጭነት መኪና ነበረች፤ ከትልልቆቹ ጎን ስትቆም ጥጃ ትመስላለች። የት የት አገር ስትዋጋ እንደ ኖረች አላውቅም፤ ሁለቱ በሮቿ እንኳ አንድ ዓይነት ቀለም አልነበራቸውም። ሥራዋ ዱቄትና የቆርቆሮ ምግብ ጭና አማኑኤል ከተማ አጠገብ ወዳለው ምሽግ መመላለስ ነበር።

ሹፌሯ እዚያው ጎጃም የቁይ ሰው ናቸው። "አያ" እላቸው ነበር። ከጣሊያን በፊት በበቅሎ የሚነግዱ ሲራራ ነጋዴ ነበሩ፤ በቅሎዎቻቸውን ግማሹን የሚሸሸው ጦር፣ ግማሹን የሚያባርረው ጦር ወሰደባቸው። መንዳት የተማሩት ሸምግለው ነው። መኪናዋን ከአፍንጫዋ ላይ በሚዞረው የብረት እጀታ፣ በማኖቬላ፣ ሲያስነሡ "ነይ እሜቴ" ይሏታል፤ ስትነሣላቸው አፍንጫዋን በመዳፋቸው መታ መታ ያደርጋሉ። ኮርቻ ላይ እንደሚቀመጥ ሰው ቀጥ ብለው ነበር የሚነዱት።

ይህች መኪና ከሁሉ ይልቅ አሰለቸችን። ክሮቼራዋን ስንቀይር ብዙ ሳይቆይ ይላላል፤ እንደ ገና ከሥሯ ጭቃ ላይ መተኛት ነው። በክረምቱ መካከል ደግሞ አንድ ቀን ሌላ መኪና ጎትቶ አመጣት። ሞተሯ ይሠራል፣ ዘንጉ ይዞራል፣ የኋላ ጎማዎቿ ግን ጥቂት ሄድ ይሉና "ጓ" ብለው ይቆማሉ። ድምፁን ስሰማ ከትልቁ ክብ ጥርስ እንደ ወለቀ ዐወቅሁ።

ካፖው ከብርድ ልብሱ ጋር ወጣና አያን በፊቴ ጠየቃቸው።

"መንገድ ላይ ቆመ?"

"አልቆምኩም፣ ጌታው።"

"ዳገት ላይ ቆመ?"

"በዚህ ዘመን ዳገት ላይ የምቆም እብድ ነኝ እንዴ?"

ካፖው ወደ እኔ ዞሮ ነገሩን በጣሊያንኛም በአማርኛም እየቀላቀለ አስረዳኝ። የምሽጉ ጠባቂዎች በመነጽር አይተዋታል። ዳገት ላይ ቆማ፣ ሹፌሩ ወርዶ ወደ ዛፎቹ ሲሄድ ታይቷል። ያየውም አንድ ዘበኛ ብቻ አይደለም። "እሱ ውሸት። ሽፍታ ጋር ተነጋገረ። ሽፍታ አሸዋ ሰጠ፤ እሱ ዘይት ውስጥ አሸዋ ጨመረ" አለ። ሽፍታ የሚለው እኛ በልባችን አርበኛ የምንላቸውን ነው። ዲፈረንሻሏን ፈትቼ እንዳሳየው አዘዘኝ። አሸዋ ከተገኘ አያን ለካራቢኜሪ፣ ለጣሊያን ወታደራዊ ፖሊስ፣ ይሰጣል።

ካራቢኜሪ እጅ የገባ ሹፌር ወዴት እንደሚሄድ ለማንም መንገር አያስፈልግም ነበር። በገበያው ዳር የተተከለውን የመስቀያ እንጨት ያላየ ሰው በከተማው አልነበረም።

አያ ከግቢው እንዳይወጡ ተከለከሉ። አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠው፣ እኔ ስፈታ ያዩኝ ጀመር።

"ተማሪ፣ ሆዷ ውስጥ ምን ትሻለህ?"

"አሸዋ፣ አያ።"

"ማን አበላት ብሎ ነው?"

"እርስዎ።"

"እኔ! በቅሎ እንኳ ሳበላ ገብሱን ሳላንገዋልል ሰጥቼ አላውቅም። አሸዋ ላበላት!" ካሉ በኋላ "ካገኘህ ግን አትደብቅ። አብረን እንሰቀላለን፤ ለእናትህ ምን እላታለሁ?" አሉ።

"እርስዎም ከተሰቀሉ እኮ ምንም አይሏትም።"

"እሱስ እውነትህን ነው" ብለው ሳቁ። እኔም ወደ ብሎኑ ተመለስኩ።

ዘይቱን ወደ ጣሳ አወረድኩትና በአቡጀዲ ጨርቅ አጠለልኩት። ጨርቁ ላይ የቀረው እንደ ብር የሚያብለጨልጭ የብረት ብናኝና የጥርስ ስባሪ ነው። በጣቴ እየነካሁ በጥርሴ መካከል አሸሁት፤ አሸዋ ቢሆን ይንኮሻኮሽ ነበር። አሸዋ የለም። ከዚያ ትልቁን ክብ አውጥቼ በቤንዚን አጠብኩ። ጥርሶቹ የተበሉት በአንድ ጎን፣ ወደ ፊት ስትሄድ በሚገፋው ጎን ብቻ ነበር። ከወለቁት የአንዱ ስባሪ ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ አዲስ ብር ይመስላል። ጥቁሩ ዘይት ሲገባበት የኖረ የቆየ ስንጥቅ መሆኑ ገባኝ፤ የሚያበራው ደግሞ ያን ቀን የተሰበረው ነው። በአንድ ቀን ተንኮል እንዲህ አይሆንም።

ስባሪውን ለካፖው ወሰድኩለት። ወደ መስኮቱ ይዞ ረጅም ጊዜ አገላበጠው።

"ፋቲካ" አለ። ድካም ማለት ነው። "ብረትም ደከመ።"

አያ ነጻ የወጡ መስሎኝ ደስ ሊለኝ ሲል፣ ካፖው ስባሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ጠየቀኝ። ሌሎቹ መኪናዎች በዚያው መንገድ ይሄዳሉ፤ ጭነታቸው ይበልጣል። ለምን ይህች ብቻ ደከመች? ሹፌሩስ ካልቆመ ጠባቂዎቹ ምን አዩ? አሸዋ ባይኖርም ውሸቱ አለ። ለሁለቱም ጥያቄ መልስ ካላመጣሁለት፣ ምሽጉ የሚጠይቀውን ሰው መስጠቱ እንደማይቀር ነገረኝ። ሲነግረኝ እንኳ ድምፁ የሚቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም። ሊተኛ የፈለገ ሰው ይመስል ነበር።

ግቢው ውስጥ ከተጣለች የተቃጠለች መኪና ትልቁንና ትንሹን ጥርስ አወጣሁ። ጥንድ ሆነው ስለሚለምዱ አንዱን ብቻ መውሰድ አይቻልም። አጥቤ፣ አስተካክዬ፣ ገጠምኳቸው። ከዚያ መኪናዋን ዱቄት ጭነን፣ ድምፁን መንገድ ላይ እንድሰማ፣ ከአያ ጋር ወጣን። ከኋላ አንድ ዘበኛ ከነጠመንጃው ጆንያው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ከተማውን ሳንለቅ ሸራ ተከናንቦ ተኛ።

ጆሮዬን ወደ ወለሉ ብረት አስጠግቼ ተጎነበስኩ። ሜዳው ላይ ጸጥ አለች። መታጠፊያው ላይ ጸጥ አለች። ቁልቁለቱንም በሰላም ወረደች። አያ ማርሽ ሲቀይሩ አየሁ፤ ትንሽ ይቸኩላሉ እንጂ የሚሰብር ነገር የለም። ዳገቱን ስንጀምር አንድ ደብር ከበላያችን በጽድና በወይራ ተከብቦ ታየ። ትንሽ ወጣንና አያ ከመቀመጫቸው ሥር የእንጨት ታኮ አወጡ፤ ወርደው ጎማው ሥር አስገቡት። እኔም ወረድኩ። ራሳችንን ገልጠን ተሳለምን፤ ከዛፎቹ ሥር ያለውን የመሳለሚያ ድንጋይም ስመን ተመለስን። አያ ሞተሯን አስጮኹ፣ እግራቸውን ከፍሪሲዮኑ ፔዳል ላይ ድንገት አነሡ፤ መኪናዋ "ቋ!" ብላ ዘለለች። እኔ በጥንቃቄ "ስትነሣ ትመታለች" ብዬ በልቤ ያዝኩ። ከዚያ በላይ ምንም አላሰብኩም።

በሚቀጥለው ዳገት ሌላ ደብር ነበር። እንደዚያው አደረግን። "ቋ!" አለች። አሁንም ክሮቼራው ይሆን፣ አዲሱ ጥርስ አልጠበቀ ይሆን እያልኩ እጨነቃለሁ። በሦስተኛው ደብር ግን ግንባሬ እርጥቡን ድንጋይ እንደ ነካ ዐይኔን ገለጥኩ። ዞሬ አየሁ። መኪናዋ ከዳገቱ መካከል፣ ጭነቷን እንደ ተሸከመች፣ በአንዲት የባሕር ዛፍ ቁራጭ ተደግፋ ቆማለች። ከማዶው ጋራ ላይ የምሽጉ ግንብ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

"አያ" አልኩ፣ "ካፖው መንገድ ላይ ቆመሃል ወይ ሲልዎ ምን አሉት?"

"አልቆምኩም አልኩታ። ስትሰማ አልነበረም?"

"አሁን ምን እያደረግን ነው?"

"እንሳለማለን።" በጣም ተገርመው አዩኝ። "ምነው፣ ታመምክ?"

"መኪናዋስ?"

ዞረው አዩዋት። ረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ ሻሻቸውን ቀስ ብለው ጠመጠሙ።

"ቤተ ክርስቲያን መሳለምም መቆም ተብሎ ይቆጠራል?" አሉኝ።

እኔም አልቆጠርኩትም ነበር። ደብር አጠገብ ሲደርስ ከበቅሎው ያልወረደ ሰው በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። የጉዞውን እያንዳንዱን ድምፅ ስይዝ፣ ከመኪና መውረዳችንን እንደ መተንፈስ አልፌው ነበር። ሌሎቹን መኪናዎች የሚነዱት ጣሊያኖች ናቸው፤ እነሱ አይወርዱም። አገሩ ደግሞ ደብሩን ከጋራ ላይ ይተክላል፤ መንገዱም በጋራው ጎን ይወጣል። ስለዚህ ይህች መኪና ብቻ በየዳገቱ ቆማ፣ ከነጭነቷ ከቆመችበት ትነሣለች። የሚሰብራት ይህ ነው።

"ለፈረንጁ እንዴት ብለህ ልትነግረው ነው?" አሉኝ አያ፣ ተመልሰን ስንቀመጥ።

"እንዳለ እነግረዋለሁ።"

"ያምንሃል?"

"እንጃ።"

"እኔም ብሆን አላምንህም" አሉና ሞተሯን አስጮኹ።

ካፖው እውነትም አላመነኝም። ቆሟል ማለትህ ነው፣ ጠባቂዎቹ ልክ ናቸው ማለትህ ነው አለ። ሌላ የምለው ስላጣሁ "ከእኛ ጋር ይምጡና ይዩ" አልኩት። ካሁን ካሁን ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ፣ ካፖርቱንና ሽጉጡን አንሥቶ ወጣ። ትኩሳቱ ነበረበት።

ሦስታችን ከፊት ተጣብበን ተቀመጥን፤ እኔ መካከል ነኝ። ከመነሣታችን በፊት አያን በጆሯቸው "እንደ ወትሮው ይንዱ፤ ምንም እንዳይቀይሩ" አልኳቸው።

"እሱ እያየኝ?"

"እሱ እንዲያይ ነው እኮ።"

"እግዜርስ ሁልጊዜ ሲያየኝ አይደል የኖረው" አሉና ማኖቬላውን አዞሩ።

ያን ቀን ዝናቡ አላባራም። መጀመሪያው ዳገት ላይ አያ አቆሙ፤ ታኮውን ይዘው ወረዱ። የካፖው እጅ ወደ ሽጉጡ ሲሄድ ክርኑ ጎኔን ነካኝ። ዐይኑ አያን አይከተልም፤ ወይራዎቹን ነበር የሚመለከተው። እኔም በልቤ ዛሬ ብቻ ማንም ከዚያ እንዳይወጣ እለምን ነበር። አያ ሻሻቸውን ፈቱ። ዝናቡ በተላጨ ራሳቸው ላይ እየወረደ ሰገዱ፤ ድንጋዩን ሳሙ። አልቸኮሉም፤ ከወትሮውም አላስረዘሙም። ከዛፎቹ ውስጥ የወጣ ሰው የለም። ሲመለሱ ወንበሩን አረጠቡትና ይቅርታ ጠየቁን። ከዚያ እግራቸውን ከፍሪሲዮኑ አነሡ።

"ቋ!"

ካፖው ጥርሱ እንደሚያመው ሰው ዐይኖቹን ጨፈነ። አርባ ትምህርት ቢያስተምረኝ ያን ያህል አንግባባም ነበር። ድምፁ ከየት እንደ መጣ፣ ምን እንደሚበላ፣ ሁለታችንም እኩል ሰማነው።

"ይኼ ነው?" አለኝ።

"ይኼ ነው።"

መንገዳችንን ቀጠልን። ሁለተኛው ደብር ከሩቅ ሲታይ ካፖው ለአያ "አሁን አልቆመ። ሄደ" አላቸው፤ ሳትቆም እለፍ ማለቱ ነው። ዳገቱ ገና አልተጀመረም። አያ እዚያው ሜዳው ላይ ፍሬን ያዙና እጃቸውን ከመሪው አወረዱ።

"አልችልም፣ ጌታው።"

ካፖው ወደ እኔ አየ። በደንብ እንደ ገባው ዐውቃለሁ፤ ግን እንድተረጉምለት ጠበቀ። ተረጎምኩለት።

"ወጣት ሆኜ፣ በቅሎዬ ሰባራ እግር ይዛ፣ እኔም ታምሜ፣ ከደብር ፊት ወርጄ አልፌያለሁ" አሉ አያ። "ለእሷ ጥርስ ብዬ አሁን ተቀምጬ ላልፍ? የፈለገውን ያድርገኝ።"

የሚያደርጋቸውን ሁላችንም እናውቃለን። ሞተሩ ይንተከተካል፤ ዝናቡ ጣሪያውን ይቀጠቅጣል። እኔ መካከል ተቀምጬ ሁለቱንም ደስ የሚያሰኝ ቃል በልቤ ፈለግሁ፤ ልማዴ ነው። ቃል ግን አልመጣልኝም። የመጣልኝ ሥራ ነው።

"እኔ ልንዳ" አልኩ። "መኪናዋ ዳገት ላይ መቆም የለባትም። አያ ደግሞ ተቀምጠው ማለፍ የለባቸውም። እሳቸው እዚህ ሜዳው ላይ ይውረዱ፣ በእግራቸው ይውጡ፣ ይሳለሙ። እኔ ሳላቆም እወጣና ከጋራው ራስ፣ ሜዳው ላይ፣ እጠብቃቸዋለሁ።"

ካፖው በእጁ ፊቱን አበሰ። "ሌላ ጥርስ የለም" አለ። ቆይቶም "ሌላ ሹፌር የለም" አለ። ከዚያ እጁን ወደ ፊት አወናጨፈ፤ ሂድ ማለቱ ነው።

አያ ከመውረዳቸው በፊት ወደ እኔ ዞሩ። "አንተስ? ሳትወርድ ልታልፍ?"

"ምን ላድርግ፣ አያ?"

አሰቡና "ለሁለታችንም እሳለማለሁ። አንተ ጥርሷን ጠብቅ" አሉኝ።

ቀስ ብዬ አስነሣኋት፤ ሜዳ ስለ ነበር ድምፅ አላሰማችም። በአንድ ማርሽ፣ ሳልቀይር፣ ዳገቱን ወጣሁ። ከደብሩ ሥር ስናልፍ ካፖው ባርኔጣውን አወለቀ። ሞቆት እንዳልነበረ ዐውቃለሁ፤ ግን አልጠየቅኩትም። ከጋራው ራስ ላይ ቆመን አያን ጠበቅናቸው። ምሽጉ ስንደርስ ካፖው ከአዛዡ ጋር ለብቻው ተነጋገረ፤ ምን እንዳለው አልሰማሁም። ከዚያ ወዲያ የአያን ስም ከካራቢኜሪ ጋር ያነሣ ሰው አልነበረም። እኔ ደግሞ ከዚያች መኪና ጋር እንድመላለስ ታዘዝኩ።

ስለዚህ የቀረውን ክረምት እንዲሁ ከረምን። ማለዳ ተምሬ፣ ጭነት ጭኜ፣ ከየዳገቱ ግርጌ አያን አወርድና መሪውን እይዛለሁ፤ ከየዳገቱ ራስ መልሼ አስረክባቸዋለሁ። ጉዞው በጣም ረዘመ። ሁለታችንም መሽቶ ስንገባ የምንበላበት አቅም እስክናጣ እንደክማለን። ክሮቼራው ግን አልላላም፤ ዘይቱን ሳጠልለው ጨርቁ ላይ ትንሽ ብናኝ ብቻ ነበር የሚቀረው። ካፖው ጨርቁን ሳሳየው ራሱን ይነቀንቅና ተመልሶ ይከናነባል።

ከሁሉ የማስታውሰው መጠበቁን ነው። ከጋራው ራስ ላይ ሞተሯ እየተንተከተከ፣ እጄ መሪው ላይ፣ በጎኗ መስታወት ወደ ኋላ አያለሁ። መጀመሪያ መንገዱ ባዶ ነው። ቆይቶ አያ ከመታጠፊያው ብቅ ይላሉ፤ ሻሻቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ ታኮውን እንደ ልማዳቸው ብብታቸው ሥር ይዘው። ታኮው አሁን አያስፈልግም፤ ነግሬያቸዋለሁ። ጭቃው እግራቸውን ይይዛቸዋል። እየቆሙ ይተነፍሳሉ። ደርሰው በሩን ሲከፍቱ ሁልጊዜ የሚሉት አንድ ነው።

"ያንተንም አድርሻለሁ። ተነሥ፣ ቦታዬን ልቀቅ።"

እለቅላቸዋለሁ።